መጀመሪያ ቁጭ በይ

ባንኮክ ኤርፖርት ላይ ከፓስፖርት በፊት የሚታየው ጫማ ነው። ጓንት ያጠለቀች ልጅ ተንበርክካ በሁለቱም ጫማዎቼ ተረከዝ ላይ ሰማያዊ ልጥፍ ለጠፈችና መዳፎቿን ደረቷ ላይ ገጥማ እጅ ነሳችኝ። ሰማያዊው የእንግዳ ነው፤ ነዋሪዎች ነጭ ነው የሚያደርጉት። ገና አንድ እርምጃ ስራመድ ከወለሉ ውስጥ አንድ ድምፅ፣ “ወይዘሮ ነጃት፣ እንኳን ደህና መጡ፤ እባክዎ ወደፊት ይቀጥሉ” አለኝ። አማርኛው እንከን የለውም። የወንድሜ ልጅ እንዲህ ቢናገር አባቱ በግ ያርድለት ነበር።

ከአገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ ይባላል። እንደታዘዝኩት ቀጠልኩ።

ከኋላዬ ከአዲስ አበባ በአንድ አውሮፕላን የመጣን ክራባታም ሰዎች ነበሩ። ለልምድ ልውውጥ ነው የመጡት። ልጥፉ ሲለጠፍላቸው አንደኛው ስልኩን አውጥቶ የራሱን ጫማ ፎቶ አነሳ።

ደንቡ ቀላል ነው። ባንኮክ ውስጥ መንገድ ላይ መቆም አይቻልም፤ መቀመጥማ ጭራሽ አይነሳም። ፖሊስ የለም፣ ዱላ የለም፣ የሚጮህ ሰው የለም። ሰው ሲቆም ከእግሩ ሥር ያለው ንጣፍ ይሞቃል። ካልተንቀሳቀሰ ድምፁ በስሙ ጠርቶ ይለምነዋል። አሁንም ካልሰማ ማሳሰቢያ ይመዘገብበታል፣ በመጨረሻም ነጭ ጋሪ መጥታ ታነሳዋለች። ጋሪዋ ትራስ አላት። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

አውቶቡስ የሚጠብቁ ሰዎች ጠባብ ክብ ሠርተው ሲዞሩ አየሁ። አንዲት እናት የልጇን ጫማ ክር እየሄደች አጎንብሳ ታስራለች፤ ልጁም እየተራመደ እግሩን ያቀብላታል፣ ለምደውታል። ፍቅር የያዛቸው ሁለት ወጣቶች ፊት ለፊት እየተያዩ ያወራሉ፤ ልጁ የኋሊት ይሄዳል። ማንም የተናደደ አይመስልም። ከተማዋ ንጹሕ ናት፣ እውነቱን ለመናገር ታምራለች። ነገር ግን የሚጠበስ ነገር አይሸትም። ድሮ የሚያውቃት ሰው ይህን ብነግረው ከሌላ ከተማ ጋር ተምታቶብሽ ነው ይለኛል።

እኔ ባንኮክን የማውቃት በልብስ ንግድ ነው። ከመርካቶ ባዶ ሻንጣ ይዘን በርረን፣ ፕራቱናም ከሚባለው የልብስ ሰፈር ሞልተን ከምንመለሰው ሴቶች አንዷ ነበርኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስመጣ ቋንቋ አላውቅ፣ ሰው አላውቅ፤ የገዛሁትን በማዳበሪያ ጠቅጥቄ ስጎትት ዝናቡ ወረደ። የባንኮክ ዝናብ ከላይም ከታችም ነው የሚመጣው። ማዳበሪያው ተተረተረና ሸሚዞቼ ጎርፉ ላይ ተንሳፈፉ። ቆሜ አለቀስኩ። ያኔ መቆም ይቻል ነበር።

በአንዲት ጠባብ መንገድ አፍ ላይ በጋሪ ኑድል የሚሸጥ ሰው ጭልፋውን አስቀምጦ መጣ። ሸሚዞቹን አልለቀመም፣ ምን ሆንሽ ብሎም አልጠየቀኝ። ቀይ የፕላስቲክ በርጩማ ከኋላዬ አስጠጋና፣ “ናንግ ኮን” አለኝ። መጀመሪያ ቁጭ በይ ማለት ነው። እኔ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው ወደ ጎርፉ የገባው። ሚስቱ ከጋሪው ጎን የስፌት መኪና ዘርግታ ቁልፍ የምትተክል ሴት ነበረች፤ የረጠበውን ሁሉ ጨምቃ፣ አድርቃ፣ ተኩሳ ሰጠችኝ።

ሰውየው ፕራዮንግ ነው፣ ሴትየዋ ላምያይ። በእነሱ አገር ታላቅን “ፒ” ብለው ነው የሚጠሩት፤ እኔም ፒ ፕራዮንግ፣ ፒ ላምያይ እላቸዋለሁ። እነሱ “ኖንግ” ይሉኛል፣ ታናሻችን። አሳማ እንደማልበላ ከነገርኩት ቀን ጀምሮ ፕራዮንግ ለእኔ ብሎ አንዲት ትንሽ ድስት ለየ። አገሬ ስሆን ተገልብጣ ትጠብቀኛለች፤ ማንም አይነካትም። ምልልሱን እስክተው ድረስ በመጣሁ ቁጥር መጀመሪያ እዚያች ቀይ በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚያ ገበያውም ጉልበቴም ደከመና መርካቶ ሱቄ ውስጥ ቀረሁ። በየአዲስ ዓመታቸው የሁለቱም ስም ያለበት ሰላምታ ይደርሰኝ ነበር። ዘንድሮ፣ ዓይኔ ሳይፈዝ ሄጄ ልያቸው አልኩ።

ላምያይ ቤቷ አልጠራችኝም፤ የምትኖርበት ሕንፃ እንግዳ አያስገባም። “ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወደ ድሮው ሰፈር ነይ፤ ቢጫ ኮፍያ አደርጋለሁ” ነው ያለችኝ።

ሰፈሩ የለም። በቦታው ሣርና አበባ ተተክሏል፤ በዙሪያው የእግር መንገድ፣ መንገዱ ላይ ወደ ቀኝ የሚያመለክቱ ቀስቶች። አንድም መቀመጫ የለም። የሰፈሩ የድሮ ነጋዴዎች ምሽት ላይ ከየሕንፃቸው ይመጡና ያንን አበባ ይዞራሉ። ሌላ መገናኛ የላቸውም። እየሄዱ ሰው ያማሉ፣ እየሄዱ ይጣላሉ፣ እየሄዱ ይታረቃሉ። እንደ ድሮው የገበያ ጎረቤቶች ናቸው፣ ጋሪዎቻቸው ብቻ የሉም።

ቢጫውን ኮፍያ አየሁና ሮጥኩ። ላምያይ ከዘራ ይዛለች፣ ቀኝ ጉልበቷ አይታጠፍላትም። እየሄድን ተቃቀፍን፤ አቅፎ መሄድ እንዴት እንደሚያደናቅፍ የሞከረው ያውቀዋል።

“ሩዝ በላሽ ወይ?” አለችኝ። የእነሱ ሰላምታ ይህ ነው።

“በልቻለሁ። ፒ ፕራዮንግስ? ስንፍና ይዞት ነው ቤት የቀረው?”

ኮፍያዋን ዝቅ አደረገች።

“ኖንግ፣ ሞተ እኮ። ካቻምና ሞተ።”

እግሬ ተተከለ። መርዶ በእኛ አገር እንዲህ አይነገርም። ማለዳ ነው የሚነገረው፣ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ የሚደግፍሽ ሰው ጎንሽ ሆኖ፣ ተቀምጠሽ። እኔ ግን የሰማሁት በመንገድ መሃል ነው። ንጣፉ ከሥሬ ሞቀ። “ወይዘሮ ነጃት፣ እባክዎ ወደፊት ይቀጥሉ” አለኝ ያ የተባረከ አማርኛ። ላምያይ ክንዴን ይዛ ጎተተችኝ።

“ሂጂ፣ ሂጂ! እየሄድሽ አልቅሺ። ሁላችንም እንደዚያ ነው ያደረግነው።”

እየሄድኩ አለቀስኩ። ለቅሶውም አልወጣልኝም፤ ደረቴ ሊሞላ ሲል እርምጃው ያፈሰዋል። እንዲህ ያለ ውርደት ገጥሞኝ አያውቅም።

“ሰላምታውስ?” አልኳት። “በአዲስ ዓመት ሁለታችሁ ነበር የጻፋችሁልኝ።”

“እኔ መች ጻፍኩ። ሕንፃው ነው የሚጽፈው። ስሙን ሰርዝ አላልኩትም።” ከዘራዋን እያየች ጨመረች፤ “ለእኔም ይደርሰኛል፣ ከፕራዮንግ የሚል።”

እንዴት እንደሸኙት ጠየቅኳት። እነሱ ሬሳ ያቃጥላሉ። ድሮ ሲሆን ገዳም ውስጥ ለቀናት ተቀምጦ፣ ጸሎት ተደምጦ፣ ተበልቶ፣ በመጨረሻ ሬሳውን ይዘው ማቃጠያውን ሦስት ጊዜ ወደ ግራ ይዞሩታል። ወደ ቀኝ ለበረከት ነው፤ ለሞተ ሰው ወደ ግራ ነው። አሁን የመሸኛ አዳራሽ አለ። ወለሉ ራሱ እየተንቀሳቀሰ ሰውን በአንድ በር አስገብቶ በሌላው ያወጣል።

“ልዙረው ብዬ ለመንኩ” አለች ላምያይ። “ወለሉ ወደ ቀኝ ብቻ ነው የሚሄደው አሉኝ። እንደ ሙሽራ ሸኘሁት።”

“እንዴት ዝም አላችሁ?” አልኩ፣ ንዴቴ አንገቴ ላይ ደርሶ።

“ዝም አላልንም፣ እጃችንን አወጣን። የዛሬ ስንት ዓመት ስብሰባ ጠሩንና ጋሪዎቹ ለጊዜው ይነሱ፣ ለጽዳት ነው አሉን። በሚያምር ወንበር ላይ አስቀምጠው ነበር የጠየቁን። ሁላችንም ተስማማን። ፕራዮንግም።”

ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ይቸግራል የሚሉት አባቶቻችን ባንኮክን አላዩም። እዚህ ቆሞ ማውረድም ክልክል ነው።

“ስሚኝ ፒ” አልኳት። “በእኛ አገር ለቅሶ ይቀመጣሉ። ሰው ሲሞት ርቆ የነበረ፣ ዓመትም ይለፍ ሁለት ዓመት፣ ሲመለስ ሄዶ ይቀመጣል። እርሜን ሳላወጣ አልሄድም።”

“የት ነው የምትቀመጪው?”

“ከቤቱ ነበር። ቤት ከሌለ ከነበረበት።”

የነበረበትን ሁለታችንም እናውቀዋለን። በእያንዳንዱ ዙር እንረግጠው ነበር፤ ቢጫ አበባው ጥግ፣ የጠባቧ መንገድ አፍ የነበረው ጋ ነው። ላምያይ በዚያ ባለፈች ቁጥር ከዘራዋን ታነሳለች፣ እንዳትወጋው።

ከዚያ የእሷን ጉዳይ ነገረችኝ። ጉልበቷ ስለሚያቆማት ማሳሰቢያ ተደራርቦባታል፤ አንድ ቢጨመርባት ሰሜን ወዳለው የእርጋታ መንደር ትዛወራለች። መንደሩ መራመድ ላቃታቸው ሽማግሌዎች የተሠራ ነው። ሐኪም አለው፣ ምግብ አለው። ከዚያ ተመልሶ ይህን ዙር የተቀላቀለ ሰው ግን የለም።

አፈርኩ። “ተይው በቃ፣ እኔ ለብቻዬ እቀመጣለሁ። ምን ያደርጉኛል? ቢያባርሩኝ አገሬ ነው የሚያባርሩኝ።”

ከኋላችን የምትሄድ ሴት ሁሉንም ሰምታለች። ቡንሎን ትባላለች፣ ሙዝ ትጠብስ ነበር። ያኔም ምላሷ ከዘይቷ ይፈጃል ይሏት ነበር። “ማንም አይቀመጥም!” አለች። “አንቺ ተቀምጠሽ ትሄጃለሽ፣ እነሱ ደግሞ መንገዱን ይዘጉብናል። ያለን ይሄ ዙር ብቻ ነው። ለሞተ ሰው ብለሽ በቁም ያለነውን ልትገድይ ነው?”

እውነቷን ነው።

ላምያይ አንድ ሙሉ ዙር ዞረች። ከዘራዋ ጥግ ላይ እንደ ልማዷ ተነሳና ወረደ። ከዚያ፣ “ነገም ትመጫለሽ?” አለችኝ።

“እመጣለሁ።”

“በርጩማ እኔ አመጣለሁ።”

በማግስቱ የመጣችው ትልቅ የገበያ ቦርሳ አንግታ ነው። ፀሐይዋ ገና ሕንፃዎቹ ትከሻ ላይ ነበረች። ጥጉ ጋ ስንደርስ ሁለት በርጩማዎች አወጣች፤ አንዷ ቀይ፣ አንዷ ሰማያዊ። ቀለማቸው ለቋል፣ የቀይዋ ጠርዝ ተሰንጥቋል። እነዚህን ዓመታት ሁሉ አልጋዋ ሥር ደብቃቸው ነበር። ሰማያዊዋ የፕራዮንግ ናት፤ ገበያ ሲቀዘቅዝ ይቀመጥባት ነበር። ከቦርሳዋ ሥር ደግሞ ያቺን ትንሽ ድስት አወጣችና ከመሃላችን አስቀመጠቻት። ባዶ ናት፤ የሚበስልበት እሳት የለም።

“ናንግ ኮን” አለችኝ፤ ልክ እሱ ይል እንደነበረው። ጫማችንን አወለቅን። ለቅሶ ቤት ነው፤ በእነሱም በእኛም ወግ ጫማ ይወልቃል። ተቀመጥን።

ከቡንሎን አፍ የወጣውን ቃል አልተረጉመውም። ዙሩን ፈጥና ጨርሳ መጥታ፣ “ጫማችሁን ስጡኝ” አለች በሹክሹክታ። “ይዤው እዞራለሁ። ወለሉ የሚያየው ጫማውን ነው፣ እየሄዱ ነው ብሎ ይጽፋል። ማንም አያውቅም!”

ብልህ ሴት ናት። እኔ እጄን ዘርግቼ ላቀብላት ነበር። ላምያይ እጄን ያዘችኝ።

“ተይው ቡንሎን። እንዲያውቁት ብዬ ነው የተቀመጥኩት።”

ንጣፉ ሞቀ። ፕላስቲክ ሙቀት አያሳልፍምና እግራችንን ሰብስበን የበርጩማው እግሮች ላይ አሳረፍነው። ድምፁ መጣ፣ ለእሷ በታይኛ፣ ለእኔ በአማርኛ።

“ወይዘሮ ነጃት፣ ደህና ነዎት? እርዳታ ይፈልጋሉ?”

“ለቅሶ ላይ ነኝ።”

“ሐዘንዎን እንጋራለን። እባክዎ ወደፊት ይቀጥሉ።”

“የምትጋራ ከሆነ ተቀመጥ!” አልኩት። ከወለል ጋር ስጣላ ዕድሜዬን ረሳሁት።

ላምያይ የእሷን ድምፅ ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ ሰማች፤ ደንበኛ ስትሰማ እንዲያ ነበረች። ሲጨርስ ወደ እኔ ዞረች።

“ተወሰነ” አለችኝ። “ቅዳሜ ወደ ሰሜን።”

ጩኸት አመለጠኝ። እሷ ግን ሳቀች፤ ጥርሷ ሁሉ ታየ። “ምን ትጮሂያለሽ? እስከ ዛሬ የሚያስፈራሩኝ በዚህ ነበር። አሁን ሰጡኝ። ሌላ ምን ቀራቸው?” ብላ እግሯን ዘረጋች። ያንን ጉልበት በመንገድ ላይ ስትዘረጋው ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ።

ነጯ ጋሪ ከወዲያ ጥግ ብቅ አለች፣ ትራሷን ይዛ፣ ሙዚቃ እያሰማች። ያን ጊዜ ቡንሎን ቆመች። ቆማ መሬቱ ላይ የተሳለውን ቀስት አየችው፣ ምራቋን እንትፍ አለችበትና ወደ ግራ ዞረች።

ከፊት ለፊቷ የሚመጡት ተጋጯት። “ምን ሆነሻል?” አሏት።

“ለፕራዮንግ ነው” አለች። “ወደ ግራ!”

አንድ ዚፕ ይሸጥ የነበረ ሽማግሌ ተከተላት። ከዚያ አንዲት ሴት፣ ከዚያ ሌላዋ። ማንም አልተቀመጠም፣ ማንም አልቆመም፤ ሁሉም እየሄደ ነው። ግን ወደ ግራ ነው የሚሄዱት፣ አበባውን ትተው እኛን ነው የሚዞሩት፣ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው። ጋሪዋ መጥታ ክቡ ዳር ደረሰች። ለሚራመድ ሰው ቅድሚያ መስጠት ግዴታዋ ነውና ጠበቀች። ክፍተት ፈለገች፤ ክፍተት የለም። ጎማዋን ወደዚህ ወደዚያ እያለች ትራሷን እንደያዘች ቀረች።

እኔም እንደ አገሬ አለቀስኩ። ደረቴን እየመታሁ፣ ጮክ ብዬ፣ ስሙን እየጠራሁ። በዝናብ ያስቀመጥከኝ፣ ድስት ለይተህ የጠበቅከኝ፣ ፒ ፕራዮንግ ወንድሜ አልኩ። የሚዞሩት ሰዎች አማርኛ አያውቁም፤ ስሙ ሲጠራ ግን አብረውኝ ይሉ ጀመር። ላምያይ እንባዋን ሳትጠርግ ሰማያዊዋ በርጩማ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ ሲያንኮራፋ እንዴት እንደነበረ፣ ዱቤ ሲሰጥ እንዴት እንደተጣሉ፣ ሊሞት ሲል ስለ ሾርባው ቅመም እንደነገራት አወራችኝ። ለቅሶ ቤት እንደዚህ ነው፤ ይለቀሳል፣ ይወራል፣ ይሳቃል። ተቀምጦ ብቻ ነው የሚቻለው።

ሦስተኛው ዙር ሞላ። ላምያይ እጆቿን ገጥማ አንገቷን ደፋች። ከዚያ ከዘራዋን ፈለገች፣ ክንዴን ያዘች።

“ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን” አለ ድምፁ፣ ስንነሳ።

ተነሱ ስላለን አልተነሳንም። ስለጨረስን ነው።

ቅዳሜ እስከ መኪናው ሸኘኋት። ቀይዋን በርጩማ ለእኔ ሰጠችኝ፤ “ድሮም ያንቺ ናት” አለች። መኪናው ውስጥ ወንበሮቹ ለስላሳ ናቸው፣ ሁሉም በመስኮት በኩል ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ አንድ ግድግዳ የዞሩ ናቸው። ድምፁ መቀመጫዋን በትሕትና አመለከታት።

“የራሴን ይዣለሁ” አለችና ሰማያዊዋን መተላለፊያው መሃል ላይ፣ በመስኮቱ ትይዩ አድርጋ ተቀመጠች። መኪናው በትሕትና ለመናት፤ ከዚያም በትሕትና ቆሞ ቀረ። ሲቆም ንጣፉ ከጎማው ሥር መሞቅ ጀመረ። በመጨረሻ እንደተቀመጠች ይዟት ሄደ። አገሬ ከገባሁ በኋላ ቡንሎን፣ አሁን በየምሽቱ ወደ ግራ እንደሚዞሩ ጽፋልኛለች። ደብዳቤው የእሷ ለመሆኑ አልተጠራጠርኩም፤ ግማሹ ስድብ ነበር።

እኔን ኤርፖርት ላይ ልጥፉን ላጡልኝና ዕድሜ ልክ እንዳልመለስ አሳወቁኝ። በዚህ ዕድሜዬ ዕድሜ ልክ ማለት ብዙም አይደለም ብያቸው ወጣሁ።

መርካቶ የሱቄ ደጅ ያለው የእግረኛ መንገድ ባለፈው ሳምንት ተቆፍሮ አዲስ ንጣፍ እየተነጠፈ ነው። ትናንት አንድ ክራባታም ሜትር ይዞ መጣ። ጫማውን አይቼ አወቅኩት፤ ያ ፎቶ ያነሳው ነው። እኔ ቀይዋ በርጩማ ላይ ደጄ ተቀምጫለሁ።

“እናቴ” አለኝ በትሕትና፣ “ከእንግዲህ እዚህ መቀመጥ አይቻልም። ሰው ሳይቆም የሚያልፍበት ዘመናዊ መንገድ ነው የሚሆነው። ውጭ አገር ሄደን ልምድ ቀስመን ነው የመጣነው።”

“እኔም እዚያው ነበርኩ” አልኩት። “እኔም ቀስሜ ነው የመጣሁት።”

ከሱቁ ውስጥ ሌላ በርጩማ አስመጣሁና ከጎኔ አስቀመጥኩለት።

“በል ልጄ፣ መጀመሪያ ቁጭ በል።”